ኪሎ ዋት፣ ቢቲዩ እና ኪሎ ካሎሪ፦ ምድጃና ማሞቂያ ከመግዛታችን በፊት መለኪያውን እንወቅ

ለአንድ አጥቢያ የአብነት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትልቅ የጋዝ ምድጃ ይገዛ ዘንድ ተወሰነ እንበል። የልማት ኮሚቴው ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ሰብስቦ ለሰበካ ጉባኤው አቀረበ። የመጀመሪያው ምድጃ ኃይል 24 ኪሎ ዋት፣ የሁለተኛው 75,000 ቢቲዩ በሰዓት፣ የሦስተኛው ደግሞ 20,000 ኪሎ ካሎሪ በሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ዋጋቸው የተራራቀ ነው፤ ከሁሉም የሚወደደው ባለ 75,000ው ነው። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ «እሳቱም የሚበልጠው የዚሁ ነው፤ ቁጥሩ ይናገራል» ቢል ብዙዎች ይስማሙለታል። ነገር ግን ሦስቱም ቁጥሮች ወደ አንድ መለኪያ ሲመነዘሩ ባለ 75,000ው 22 ኪሎ ዋት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ከሦስቱ የሚያንሰው እርሱ ነው።

ይህ ምሳሌ ነው እንጂ በአንድ ስፍራ የደረሰ ታሪክ አይደለም። ሆኖም ምድጃ፣ የዳቦ መጋገሪያ፣ የውኃ ማሞቂያ፣ የክሊኒክ ማቀዝቀዣ ወይም ጄኔሬተር ለመግዛት የተቀመጠ ኮሚቴ ሁሉ ይህን የመሰለ ወረቀት በእጁ ይገባል። ገንዘቡ ምእመናን ከዕለት ወጪያቸው ቀንሰው ያዋጡት ነውና፣ ቁጥሩን ሳይመረምሩ መፈረም ለኋላ ጸጸት ይዳርጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው፦ ማንኛውም የኮሚቴ አባል አራቱን የስሌት ዓይነቶች እስካወቀ ድረስ ባለሙያ ሳይጠብቅ የሙቀት ኃይል መለኪያዎችን ወደ አንድ ቋንቋ አምጥቶ እንዲያነጻጽር ማስቻል።

በአገራችን ገበያ ቁና በስሙ አንድ ቢሆንም በአንዱ አካባቢ የሚሰፈርበት ከሌላው ሊሰፋ ወይም ሊጠብ እንደሚችል እናውቃለን። አስተዋይ ገበያተኛ «ስንት ቁና ነው?» ብሎ ብቻ አይመለስም፤ «በየትኛው ቁና?» ብሎ ይጠይቃል። የሙቀት መለኪያም እንዲሁ ነው።

የሙቀት ኃይልና ጠቅላላ ሙቀት

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ጠቅላላ ሙቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሙቀት ኃይል ነው። ነገሩን በውኃ ብንመስለው፣ ጠቅላላ ሙቀት በበርሜል ውስጥ እንደ ተጠራቀመ ውኃ ነው፤ ስንት ሊትር እንደሆነ ይቈጠራል። የሙቀት ኃይል ግን ከቧንቧው እንደሚወርደው ውኃ ነው፤ በደቂቃ ወይም በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚወርድ ይነገራል። ቀጭን ቧንቧም ቢሆን ጊዜ ከተሰጠው በርሜሉን ይሞላዋል፤ ወፍራሙ ፈጥኖ ይሞላዋል። አነስተኛ ምድጃም እንደዚሁ ትልቁን ብረት ድስት ያፈላዋል፤ ልዩነቱ በሰዓቱ ላይ ነው።

ጠቅላላ ሙቀት በጁል፣ በካሎሪ፣ በቢቲዩ ወይም በኪሎ ዋት ሰዓት ይለካል። የሙቀት ኃይል ደግሞ በዋትና በኪሎ ዋት፣ በኪሎ ካሎሪ በሰዓት፣ በቢቲዩ በሰዓት ወይም በሜጋ ጁል በሰዓት ይለካል። አንድ ዋት ማለት በአንድ ሰኮንድ አንድ ጁል ማለት ነው። ስለዚህ «በጊዜ» የሚለው አሳብ በዋት ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል፤ በቢቲዩና በካሎሪ ላይ ግን «በሰዓት» የሚለው ቃል መጨመር ይኖርበታል።

በዚህ ላይ በቋንቋችን የተለመደ አንድ ስሕተት አለ። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የሚቈጥረውን ብዙዎቻችን «ኪሎ ዋት በሰዓት» እንለዋለን። «በሰዓት» ስንል ግን ማካፈላችን ነው፤ ቆጣሪው የሚያደርገው ማባዛት ነው። ትክክለኛው አጠራር «ኪሎ ዋት ሰዓት» ነው፤ ይኸውም ኪሎ ዋቱ በሰዓቱ ቁጥር ተባዝቶ ማለት ነው። ለምሳሌ 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ2 ሰዓት በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቈጥራል። ኪሎ ዋቱ ሥራው ምን ያህል እንደሚፈጥን፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱ ደግሞ ስንት ብር እንደምንከፍል ይነግረናል። በሻጮች ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ይታያል፤ «12,000 ቢቲዩ» ብለው «በሰዓት» የሚለውን ይተዋሉ። በዕቃ ላይ ወይም በፕሮፎርማ ላይ ቢቲዩ ብቻ ተጽፎ ብናገኝ አብዛኛውን ጊዜ ቢቲዩ በሰዓት ማለቱ ነው፤ ቢሆንም ጠይቆ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል።

መለኪያዎቹ ከየት መጡ?

መለኪያዎቹ የበዙት በተለያየ አገርና በተለያየ ጊዜ ስለተወለዱ ነው። ኪሎ ካሎሪ አንድ ኪሎ ግራም ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚያስፈልግ ሙቀት ነው። ቢቲዩ የሚባለው የእንግሊዞች የሙቀት መለኪያ ደግሞ አንድ ፓውንድ ውኃን በአንድ ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ የሚያስፈልግ ነው። ፓውንዱ ከኪሎው፣ የፋራናይቱ ዲግሪም ከሴንቲግሬዱ ስለሚያንስ፣ አንድ ኪሎ ካሎሪ ወደ 4 ለሚጠጋ ቢቲዩ ይመነዘራል። የቢቲዩ ቁጥር ሁልጊዜ ገዝፎ የሚታየን ስለዚህ ነው፤ እሳቱ ስለበረታ ሳይሆን መስፈሪያው ትንሽ ስለሆነ ነው።

ዋት የተሰየመው የእንፋሎት ሞተርን ባሻሻለው በስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ስም ሲሆን፣ ጁል ደግሞ በ1840ዎቹ ሥራና ሙቀት እርስ በርስ እንደሚለወጡ በሙከራ ባሳየው በእንግሊዛዊው ጄምስ ጁል ስም ነው። የፈረስ ጉልበትን መለኪያ አድርጎ ያስለመደውም ዋት ነው፤ የሞተሩን ብርታት ፈረስ ለለመደ ገዢ ለማስረዳት ነበር። ዛሬ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ውስጥ የኃይል መለኪያ ዋት ነው። ስለሆነም ኮሚቴዎቻችን ሁሉንም ነገር ወደ ኪሎ ዋት መመንዘርን ልማድ ቢያደርጉ ይበጃል።

የምንዛሪው ዝርዝር

የሚከተለውን ዝርዝር ቆርጦ በኮሚቴው መዝገብ ላይ መለጠፍ ይቻላል። ቁጥሮቹ ለግዢ ውሳኔ በሚበቃ መጠን የተጠጋጉ ናቸው።

1 ኪሎ ዋት = 1,000 ዋት
1 ኪሎ ዋት = 860 ኪሎ ካሎሪ በሰዓት
1 ኪሎ ዋት = 3,412 ቢቲዩ በሰዓት
1 ኪሎ ዋት = 3.6 ሜጋ ጁል በሰዓት
1 ኪሎ ካሎሪ በሰዓት = 3.97 ቢቲዩ በሰዓት
1 የፈረስ ጉልበት = 746 ዋት
1 የማቀዝቀዣ ቶን = 12,000 ቢቲዩ በሰዓት = 3.5 ኪሎ ዋት
1 ኪሎ ዋት ሰዓት = 860 ኪሎ ካሎሪ = 3.6 ሜጋ ጁል

አራቱ ዋና ስሌቶች እነሆ። ቢቲዩ በሰዓትን ወደ ኪሎ ዋት ለመለወጥ በ3,412 ማካፈል፤ ኪሎ ካሎሪ በሰዓትን ለመለወጥ በ860 ማካፈል፤ ሜጋ ጁል በሰዓትን ለመለወጥ በ3.6 ማካፈል፤ የፈረስ ጉልበትን ለመለወጥ በ0.746 ማባዛት ነው።

በስብሰባ መካከል ማስያ ባይኖር ሁለት አቋራጮች አሉ። ለቢቲዩ ቁጥሩን በ3 አባዝቶ አራት ዜሮ መቀነስ ነው። 75,000 በ3 ሲባዛ 225,000 ይሆናል፤ አራት ዜሮ ስንቀንስለት 22.5 እናገኛለን፤ ትክክለኛው 22 ነው። ለኪሎ ካሎሪ ደግሞ ሦስት ዜሮ ቀንሶ በቀረው ላይ የራሱን አንድ ስድስተኛ መጨመር ነው። 20,000 ሦስት ዜሮ ሲቀነስለት 20 ይሆናል፤ የ20 አንድ ስድስተኛ 3.3 ስለሆነ ድምሩ 23.3 ኪሎ ዋት ይመጣል። ይህ ከትክክለኛው ስሌት ጋር ይገጥማል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ምሳሌ ስንመለስ፣ ሦስቱ ምድጃዎች 24፣ 22 እና 23.3 ኪሎ ዋት ናቸው። በእሳታቸው ብርታት ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው ማለት ነው። ጉባኤው መወያየት የሚገባው ስለ ኃይላቸው ሳይሆን ስለ ዋጋቸው፣ ስለ ብረታቸው ጥንካሬ፣ ስለ መለዋወጫ መገኘትና ስለ ዋስትናቸው ነው።

ምን ያህል ኃይል ያስፈልገናል?

ምንዛሪው የሚጠቅመው የሚያስፈልገንን ስናውቅ ነው። እርሱንም ማስላት አያዳግትም፤ የውኃው ሊትር ሙቀቱ በሚጨምርበት ዲግሪ ሲባዛ ኪሎ ካሎሪውን ይሰጣል።

የአብነት ተማሪዎቹ ወጥ ቤት በየቀኑ 200 ሊትር ውኃ ማፍላት አለበት እንበል። ውኃው ከጉድጓድ ሲቀዳ 15 ዲግሪ ነው። በባሕር ጠለል አካባቢ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር ግን በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ስለሚፈላ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ሙቀቱ የሚጨምረው በ77 ዲግሪ ነው። 200 በ77 ሲባዛ 15,400 ኪሎ ካሎሪ፣ ይህም በ860 ሲካፈል 17.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል።

ይህ ጠቅላላ ሙቀቱ ነው። ኃይሉን የሚወስነው ሰዓቱ ነው። በ1 ሰዓት እንዲፈላ ከተፈለገ 17.9 ኪሎ ዋት፣ በ2 ሰዓት ከሆነ 9 ኪሎ ዋት፣ በ3 ሰዓት ከሆነ 6 ኪሎ ዋት ወደ ውኃው መግባት አለበት። እሳቱን ማለዳ ቀድሞ ማያያዝ ከተቻለ አነስ ያለ ዕቃ ይበቃል፤ የሚፈጀው ነዳጅ ግን ብዙ አይለያይም። ይህንን አስቀድሞ መወሰን የግዢውን ዋጋ በእጅጉ ሊቀንስ ይችላል።

የሚገባና የሚጠቅም ሙቀት

«ወደ ውኃው መግባት አለበት» ያልነው በምክንያት ነው። ከምድጃ የሚወጣው ሙቀት ሁሉ ድስቱ ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉ ከጢሱ ጋር፣ ከፊሉም በድስቱ ጎንና በምድጃው አካል በኩል ይጠፋል። በጋዝ ምድጃ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ በነዳጅነት የሚገባው ነው እንጂ ለውኃው የሚደርሰው አይደለም።

ከጋዝ ምድጃው ሙቀት ግማሹ ለድስቱ ይደርሳል ብለን ብንወስድ፣ ባለ 24 ኪሎ ዋቱ የሚጠቅመው 12 ኪሎ ዋት ነው። አሁን አራተኛ ነጋዴ መጥቶ 12 ኪሎ ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ማፍያ አቀረበ እንበል። በወረቀት ላይ የጋዙ ግማሽ ይመስላል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ማፍያ የማሞቂያ ብረቱ በውኃው ውስጥ ስለተቀመጠ ከሙቀቱ 85 በመቶ ያህሉ ቢደርስ 10.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ልዩነቱ እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ሁለቱ ዕቃዎች ተቀራራቢ ናቸው። ስለዚህ ለነጋዴው የሚቀርበው ሁለተኛ ጥያቄ «ይህ ቁጥር የሚገባው ነው ወይስ የሚወጣው?» የሚል ይሁን።

የማገዶንም እሳት በዚሁ መለኪያ መስፈር ይቻላል። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ሲነድ ወደ 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ አንድ ኪሎ ከሰል ወደ 8፣ አንድ ኪሎ የምግብ ማብሰያ ጋዝ ወደ 12.8፣ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ወደ 10፣ አንድ ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ጋዝ ወደ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። እርጥብ እንጨት ውኃውን ለማትነን ሙቀቱን ስለሚያባክን ከዚህ በታች ይሰጣል።

በሦስት ጉልቻ ላይ ከእንጨቱ ሙቀት ለድስቱ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። 12 በመቶ ብንወስድ 200 ሊትሩን ለማፍላት 34 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ይነዳል። 25 በመቶ የሚያደርስ የተሻሻለ ምድጃ ቢሠራ 16 ኪሎ ይበቃል። በየቀኑ 18 ኪሎ እንጨት ተረፈ ማለት ነው፤ በወር ከ500 ኪሎ ይበልጣል። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ዛፍ ለሚጠብቅ አጥቢያ፣ ጢሱንም በየቀኑ ለሚተነፍሱት ምግብ አብሳይ እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጋዝ ከሆነ ደግሞ ግማሹ የሚደርስ ከሆነ 2.8 ኪሎ ጋዝ ይፈጃል፤ 12 ኪሎ የያዘ ሲሊንደር ለ4 ቀናት ያህል ይበቃል። በኤሌክትሪክ ደግሞ 21 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቈጥራል። ኮሚቴው እነዚህን ቁጥሮች በአካባቢው የእንጨት፣ የጋዝና የኤሌክትሪክ ዋጋ ቢያባዛ የትኛው እንደሚያዋጣ ያለ ክርክር ይታያል።

በጄሪካንና በሰዓት መፈተን

የማንኛውንም ምድጃ ጠቃሚ ኃይል በራስ ወጥ ቤት መለካት ይቻላል። የሚያስፈልገው አንድ 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ፣ ድስት፣ የእጅ ሰዓት፣ ሚዛንና ቢገኝ የሙቀት መለኪያ ነው። ውኃው ወደ ድስቱ ተገልብጦ ሙቀቱ ይመዘገባል፤ እሳቱ ሲነድ ሰዓቱ ይያዛል፤ ሲፈላ ሰዓቱ እንደገና ይመዘገባል። ከዚያም ሊትሩ በዲግሪው ጭማሪ ተባዝቶ በ860 ይካፈላል፤ የተገኘው ደግሞ በወሰደው ሰዓት ይካፈላል።

ለምሳሌ 20 ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ እስከ 92 ዲግሪ ለመድረስ 40 ደቂቃ ቢወስድበት፣ 20 በ77 ሲባዛ 1,540 ኪሎ ካሎሪ፣ በ860 ሲካፈል 1.79 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። 40 ደቂቃ የሰዓት ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ጠቃሚው ኃይል 2.7 ኪሎ ዋት ነው። በዚያ ጊዜ የነደደው እንጨት ተመዝኖ 3.5 ኪሎ ከሆነ፣ እንጨቱ የሰጠው ሙቀት 15.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነበር፤ ለውኃው የደረሰው ከመቶ 12 እጅ ያህል ነው። ይህን ፈተና አሁን ባለው ምድጃ ላይ አንድ ጊዜ፣ በአዲሱ ምድጃ ላይ ደግሞ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጊዜ ማድረግ ከብዙ የሻጭ ቃል ይበልጣል። በሁለቱም ጊዜ ድስቱ፣ ክዳኑና የውኃው መጠን አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣና ጄኔሬተር

ኤሌክትሪክ ሲመረጥ መስመሩ ኃይሉን መሸከም መቻሉ ይጠየቃል። ዋቱን በቮልቱ ማካፈል አምፔሩን ይሰጣል። 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ አንድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል፤ አምስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢሰኩ 80 አምፔር ይደርሳል። ባለ አንድ ፌዝ መስመር ይህን የሚችለው ከስንት አንዴ ነው። በምሳሌያችን የተጠቀሰው የ12 ኪሎ ዋት ማፍያም በአንድ ፌዝ 55 አምፔር ያህል ይፈልጋል፤ በሦስት ፌዝ ሲከፋፈል ግን በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው 18 አምፔር ያህል ነው። ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ባለሙያ መስመሩን እንዲመለከተው ማድረግ ገንዘብንም ሕይወትንም ይጠብቃል።

በቆላማ አካባቢ ላሉ ክሊኒኮች የሚገዛ የአየር ማቀዝቀዣ ሌላ መሰናክል አለው። 12,000 ቢቲዩ በሰዓት የሚል ማቀዝቀዣ 3.5 ኪሎ ዋት ሙቀት ከክፍሉ ያወጣል ማለት ነው፤ 3.5 ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ ይበላል ማለት አይደለም። ማቀዝቀዣ ሙቀትን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያጓጉዝ ስለሆነ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ሦስት እጥፍ ያህል ሙቀት ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ የሚስበው 1.2 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። የመስመሩና የጄኔሬተሩ ስሌት መሠራት ያለበት በዚህኛው ቁጥር ነው። «1 ፈረስ» ተብሎ የሚሸጥ ማቀዝቀዣም ቢሆን ብዙ ጊዜ 9,000 ቢቲዩ በሰዓት ያህል የሚያቀዘቅዝ ማለት ነው፤ በ746 ዋት ብንመነዝረው እንሳሳታለን። «ቶን» የሚለውም ክብደቱ አይደለም፤ 2,000 ፓውንድ በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ የሚስበው ሙቀት ነው።

ከፍታም ይታሰብ። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እሳትም ሞተርም የሚሠሩት በአየር ስለሆነ፣ ለዝቅተኛ ስፍራ የተጻፈው የጋዝ ምድጃ ወይም የጄኔሬተር ቁጥር በደጋ ሙሉ ላይሆን ይችላል። ሻጩ በአጥቢያው ከፍታ ምን ያህል እንደሚሰጥ በጽሑፍ እንዲገልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከውጭ ለሚላኩ ዕቃዎች

በውጭ ያሉ ምእመናን ለአጥቢያቸው ምድጃ ወይም ማሞቂያ ሊልኩ ያስባሉ። በአሜሪካ የጋዝ ዕቃዎች በቢቲዩ በሰዓት፣ በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ ዋት ይሸጣሉ። ምንዛሪው ቀላል ነው፤ ከዚያ ባሻገር ግን ሁለት ነገሮች ይታዩ። በአሜሪካ ቤቶች የሚሠራው የኤሌክትሪክ ዕቃ በአመዛኙ ለ120 ቮልት የተሠራ ሲሆን የእኛ 220 ነው። የጋዝ ምድጃው ደግሞ በቧንቧ ለሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ከሆነ፣ የጋዝ ማውጫ ቀዳዳው በባለሙያ ሳይለወጥ በሲሊንደር ጋዝ ማንደድ አደገኛ ነው። ለጋሹ ገንዘብ አውጥቶ ከመጫኑ በፊት ኮሚቴው የዕቃውን መለያ ጽሑፍ በፎቶግራፍ አስልኮ ቢመረምር ልግስናው በመጋዘን አይቀርም።

በአሜሪካ ሕንፃ ገዝተው የሚገለገሉ አጥቢያዎችም ለክረምት ማሞቂያቸው ይኸው ስሌት ይጠቅማቸዋል። 100,000 ቢቲዩ በሰዓት የሚገባበት ማሞቂያ ከመቶ 80 የሚሰጥ ከሆነ ለአዳራሹ የሚደርሰው 80,000 ቢቲዩ፣ ማለትም 23.4 ኪሎ ዋት ነው፤ ከመቶ 95 የሚሰጠው ግን 27.8 ኪሎ ዋት ያደርሳል። የጋዝ ሂሳብ የሚቈጠርበት «ቴርም» የሚባለው መለኪያ ደግሞ 100,000 ቢቲዩ ሲሆን 29.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

ከመፈረም በፊት

በግዢው ቃለ ጉባኤ ላይ የሚከተሉት ስድስት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ቢሰፍሩ መልካም ነው።

1. የሚሞቀው ምንድን ነው? ስንት ሊትር፣ ከስንት ዲግሪ እስከ ስንት፣ በስንት ሰዓት?
2. የሁሉም ፕሮፎርማ ቁጥር ወደ ኪሎ ዋት ተመንዝሯልን?
3. ቁጥሩ በነዳጅ የሚገባው ነው ወይስ ለሥራ የሚደርሰው?
4. በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወርስ ስንት ብር?
5. መስመሩ፣ የአየር መውጫው፣ ከፍታውና የጋዙ ዓይነት ከዕቃው ጋር ይስማማሉን?
6. በርክክብ ዕለት የጄሪካኑ ፈተና ተደርጓልን? ውጤቱስ ተመዝግቧልን?

ይህ ሁሉ ከአንድ ስብሰባ ጊዜ የሚበልጥ ሥራ አይጠይቅም። መዝገቡ ግን ለሚቀጥለው ኮሚቴ ይተርፋል፤ ምእመናንም ገንዘባችን ምን ላይ ዋለ ብለው ሲጠይቁ በቁጥር መልስ ለመስጠት ያስችላል። ወጥ ቤቱም የሚፈልገውን እሳት ያገኛል፤ ውኃው ተማሪዎቹ ከትምህርት ሳይወጡ ይፈላል፤ የቀረው ገንዘብ ደግሞ ለሌላ ሥራ ይተርፋል።